በዱቤ የመጣ መረብ፦ ከጣና ዳር የአንድ ቤተሰብ ተሞክሮ

ይህን የምጽፈው ሐይቅ ዳር ለሚኖሩ፣ ባላቸው ወይም ልጃቸው ዓሣ አስጋሪ ለሆነ ቤተሰቦች ነው። በተለይ ደግሞ መረብ በዱቤ ለመውሰድ ለሚያስቡ። ባለቤቴ ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳል። እኔ ዓሣውን እበልታለሁ፣ እሸጣለሁ፣ የቤቱን ሒሳብ እይዛለሁ። ለዓመታት በአንድ ነጋዴ ዕዳ ተይዘን ኖረናል። ያ ዕዳ ባለቤቴን በማይወጣበት ሌሊት ሐይቅ ላይ አውጥቶታል። ዓሣውን በሚራባበት ወቅት እንድናወጣ አድርጎናል። ትልቁን ልጃችንንም ከትምህርት ቤት አስቀርቶት ነበር።

ሰው ስለ ጣና ሲያወራ "አስጋሪው ስግብግብ ነው፣ ሐይቁን ጨረሰው" ይላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ዓሣውን የሚጨርሰው ዕዳ ነው። ዕዳ ያለበትን ሰው "ዓሣው ይረፍ፣ ክረምቱን ተወው" ብትሉት ይሰማችኋል። ያምናችኋልም። ማታ ግን መረቡን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ስለ ሐይቁ ከማውራቴ በፊት ስለ ቤታችን ሒሳብ ላውራ።

የምንኖረው በፎገራ በኩል ነው፤ ጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ብዙም አይርቅም። አገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዳር ዳሩ ደንገልና ረግረግ ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረውን መሬት ባህር ሸሽ እንለዋለን፤ ይታረሳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሜዳ የሩዝ ነው። እኛ መሬት ስላልነበረን ኑሯችን ሙሉ በሙሉ በዓሣ ላይ ቆመ።

ስንጋባ ባለቤቴ የነበረው አንድ የደንገል ታንኳና ከአጎቱ የወረሰው መረብ ነበር። ታንኳውን የሠሩለት የነገደ ወይጦ ተወላጅ የሆኑ ጎረቤታችን አዛውንት ናቸው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ በየጊዜው ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል። እሱ ወደ ማታ መረብ ይጥላል፣ ጎህ ሲቀድ ያነሳል። እኔ ዳር ወጥቼ እቀበለዋለሁ። ቆሮሶውንና አምባዛውን ለይቼ ወረታ ገበያ እወስዳለሁ፤ ነጭ ዓሣውንም እንደዚያው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የተቀደደውን መረብ ከአባታቸው ጋር ይጠግናሉ። ጭንቅላቱና አጥንቱ ለኛ ሾርባ ይሆናል። ሀብታም አልነበርንም፤ ግን ያገኘነው የኛ ነበር።

ከዚያ መረቡ አረጀ። አዲስ ለመግዛት ገንዘብ አልነበረንም። አንድ የዓሣ ነጋዴ "መረቡን እኔ እሰጥሃለሁ፣ ዓሣውን ለኔ አምጣ፣ ቀስ ብለህ ትከፍላለህ" አለው። ባለቤቴ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብሎ ተቀበለ። ወረቀት የለም። ዋጋ አልተቆረጠም። መቼ እንደሚያልቅ አልተነጋገሩም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ልጃችን ሲታመምም አበድሮናል። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ አንድ ኪሎ በ100 ብር የሚሸጥ ከሆነ እንበል፣ ባለዱቤው ነጋዴ ከናንተ በ70 ይወስዳል። ከዚያ ከ70ው ላይ ደግሞ "ለመረቡ" ብሎ ይቀንሳል። የ30 ብሩን ልዩነት ማንም እንደ ክፍያ አይቆጥረውም። በየቀኑ እየከፈላችሁ ዕዳው ግን እዚያው ነው። በመካከል ሰው ሲታመም፣ ሠርግ ሲመጣ፣ ለመስከረም ደብተር ሲገዛ ትበደራላችሁ፤ ይደመራል። እኔ ከወረታ ገበያ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ዓሣው በቀጥታ ወደ እሱ ሚዛን ነው የሚሄደው። ቤት ውስጥ ሒሳብ የምትይዘው ሴት ከገበያው ስትርቅ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ከቤቱ ጠፋ ማለት ነው። ይህንን እህቶቼ በደንብ ያዙልኝ። ዓሣ ባትሸጡም እንኳ በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ወጥታችሁ ዋጋ ጠይቁ።

በዚህ መካከል እምቦጩ መጣብን። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። በጣም የጎዳው የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ነው፦ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና የኛን ፎገራ። በምቹ ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ነፋስ እንደ ምንጣፍ እየገፋው ከቦታ ቦታ ይወስደዋል። ማታ ጥሩ ውሃ ላይ የተጣለ መረብ ጠዋት ከአረሙ ሥር ተጠቅልሎ ይገኛል። ጎትታችሁ ስታወጡት ይበጣጠሳል፤ አንዳንዴ ጨርሶ አይገኝም። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትልቁ ዘመቻ ሲደረግ እኛም ከመንደሩ ጋር ወጥተን ደረታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተን ነቅለናል። ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና አፈር፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ይመግበዋል። ስለዚህ ይመለሳል።

ከዚያ ዘመን የተረፈኝን ምክር ልንገራችሁ። መረብ ከመጣላችሁ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዩ፤ አረሙ ካለበት ወደናንተ የሚነፍስ ከሆነ ያን ማታ ቦታ ቀይሩ። በመረቡ ጫፍና ጫፍ ከባድ ድንጋይ እሰሩ፤ ከላይ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ባዶ ጀሪካን። የነቀላችሁትን አረም ውሃው ዳር አትተዉት፤ ውሃ የማይደርስበት ቦታ አውጥታችሁ ይድረቅ። ከአረም ቦታ የመጣ ጀልባና መረብ ሌላ ዳርቻ ከመግባቱ በፊት በደንብ ይጽዳ። ትንሽ ቁራጭ ለአዲስ ቦታ በቂ ነው።

አንዱ መረብ በእምቦጭ ሲሄድ ሁለተኛ በዱቤ ወሰድን። ሁለተኛው ርካሹ ነበር፤ በአንድ ወጥ የናይለን ክር የሚሠራው ስሱ መረብ። ዓሣው ውሃ ውስጥ አያየውም። መጀመሪያ ላይ ብዙ ይይዛል፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። ግን ቶሎ ይቀደዳል፤ ሊጠገንም አይመችም። ተቆርጦ ሐይቅ ውስጥ የቀረው ደግሞ አይበሰብስም። ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ እየያዘ እዚያው ይገድላል። ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ ገና ያልደረሰውን ሁሉ ይለቅማል። የኛ ሚዛን ላይ ቆሮሶው ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓሣው ሲያንስ ኪሎው ያንሳል፣ ኪሎው ሲያንስ ዕዳው አይነካም፣ ስለዚህ ባለቤቴ ተጨማሪ መረብ ይጥላል።

ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጉማራ አፍ መሄድ ተጀመረ። ከሐምሌ ጀምሮ ነጭ ዓሣው ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል፦ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ። ነሐሴና መስከረም ላይ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና ጠጠር ባለበት ንጹሕ ጅረት ውስጥ ዕንቁላሉን ይጥላል። መረብ ወንዙ አፍ ላይ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። እኛም ያዝን። እኔ ዳር ተቀምጬ ስበልት ከያንዳንዷ ሆድ የሚወጣው ዕንቁላል ሳፋ ይሞላ ነበር። አማቴ አይተው "ይኼ ሁሉ ልጅ ነበር እኮ" አሉ። ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ነጋዴው መኪና ይዞ እየጠበቀ ነበር።

ኋላ ላይ ከባሕር ዳር የመጣች አንዲት የዓሣ ባለሙያ መንደራችን ድረስ መጥታ አስረዳችን። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው 15 ያህል የተለያየ ዝርያ ነው፤ ከጣና በስተቀር በዓለም የትም የለም። እኛ የምንሸጠው ዓሣ የትም እንደማይገኝ አላውቅም ነበር። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኙትን ሲያስተያዩ፣ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ነበር። ይህ እንግዲህ እምቦጭ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስለ ቆሮሶም ነገረችን። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ጎድጓዳ ይቆፍራል፤ ሴቷ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ትንሽ እስኪጠነክሩ አደጋ ሲያዩ ወደ አፏ ይገባሉ። አንዲት ቆሮሶ ስትያዝ አፏ ውስጥ ያለውም አብሮ ያልቃል። አምባዛው ደግሞ በክረምት ውሃ ወደተኛበት ሜዳ ወጥቶ ነው የሚራባው። ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል፤ ያን ቀን ግን እንደ ተማሪ ነበር ያዳመጣት። ማታ "የምታወራው ልክ ነው። ግን ለጋሼ ምን እላቸዋለሁ?" አለኝ።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ መጥፎ ሌሊት ነው። ሰማዩ ከሰዓት ጀምሮ ደስ አይልም ነበር። ባለቤቴ አልወጣም አለ። ነጋዴው ደወለ፤ የሆቴል ትዕዛዝ አለብኝ፣ ዛሬ ካልወጣህ ከዕዳህ ላይ ሌላ አልሰጥህም አለው። ከአንድ ጓደኛው ጋር ወጡ። ሌሊት ማዕበል ተነሳ፤ መብረቁ አያባራም። ጎህ ሲቀድ አልመጡም። ፀሐይ ወጣች፣ አልመጡም። ሰዎች ሊፈልጓቸው ሲነሱ በረግረጉ በኩል በእግራቸው ሲመጡ አየናቸው። ታንኳዋ ተገልብጣ ነበር፤ ደንገል ግን ውሃ ቢጠጣም ቶሎ አይሰጥምና እሷን ጨብጠው አነጉ። መረቡ የለም። ነጋዴው ጠዋት ሲደውል የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "መረቡስ?" የሚል ነበር።

ባለቤቴ ስልኩን ዘጋውና ቁጭ አለ። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። አማቴ ናቸው የተናገሩት። "ልጆቼ፣ ስንት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ?" አሉን። አናውቅም ነበር። "እንግዲያው ቁጠሩት። ያልተቆጠረ ዕዳ እንዴት ያልቃል?" አሉ።

የልጄን ደብተር ተቀብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ የሚያስታውሰውን ሁሉ፣ አብሮት የሚሠራው ልጅም የሚያስታውሰውን። በየወቅቱ በግምት ስንት ኪሎ እንደሰጠን። የዚያን ጊዜ የወረታ ዋጋ ስንት እንደነበር ከሌሎች ሻጮች ጠይቄ አጣራሁ። ልዩነቱን ሳስበው፣ የመጀመሪያውን መረብ ዋጋ ከከፈልን ቆይቷል። ሁለተኛውንም ልንጨርስ ጥቂት ነው የቀረን። ደብተሩን ይዤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌ ሄድን።

ሽማግሌ ስትመርጡ ነጋዴው የሚያከብረውን ሰው ምረጡ። የናንተ ዘመድ ብቻ ከሆነ ክስ ይመስለዋል። እኛ ከሱ ወገን አንድ ትልቅ ሰው፣ ከኛ ወገን አንድ፣ ከቤተ ክርስቲያን አንድ አባት ለመንን። መጀመሪያ ተቆጣ። "ላበደርኩት ነው እንዲህ የሚከፈለኝ?" አለ። ዓሣችሁን አልገዛም ብሎ ሄደ። ባለቤቴ ሊመልስለት ሲል አባ በዓይናቸው ያዙት። በሁለተኛው ቀን ደብተሩን አሳየነው። ዋጋውን መካድ አልቻለም፤ ያበደረን ደግሞ እውነት ነው፣ እኛም አልካድንም። በመጨረሻ የቀረው ዕዳ በቁርጥ ብር ተጻፈ። በየወሩ የሚከፈለው ተወሰነ። ዋናው ነገር፣ ዓሣውን ለፈለግነው እንድንሸጥ ተስማማ። ሦስት ሰዎች ፈረሙበት። አንዲት ጊደር ነበረችን፤ ሸጠን ከዕዳው ላይ ከፈልንና በተረፈው ሰፋ ያለ ዓይን ያለው ጠንካራ መረብ ገዛን። ጊደሯ ለልጆቹ ወተት ትሆናለች ብለን ያሳደግናት ነበረች፤ መሸጧ ቀላል አልነበረም።

እኔ ወደ ገበያ ተመለስኩ። ሌሎች የአስጋሪ ሚስቶችን ሰብስበን ዕቁብ ጀመርን። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣላት ሰው ክዳን ያለው የበረዶ ሣጥን ገዛች፤ በጋራ ተጠቀምንበት። ከዚያ ዓሣውን በልተን፣ አጥንቱን አውጥተን ለሆቴል ማቅረብ ጀመርን። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች ሲከስሩ አይቻለሁ። ከሦስት ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የንጹሑ ዋጋ ቢያንስ የሦስት ኪሎ ሙሉ ዓሣ ዋጋ፣ የበረዶው፣ የመጓጓዣውና የጉልበታችሁ ድምር መሆን አለበት። "ከሙሉው እጥፍ ሸጥኩት" ብላ የምትደሰት ሴት እየከሰረች ነው።

ዓሣ ፀሐይ አይወድም። ከውሃ እንደወጣ ጥላ ይፈልጋል። ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን ቶሎ አውጡ፤ መበላሸት የሚጀምረው ከዚያ ነው። በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ በረዶውን ከታችም ከላይም አድርጉ። ገዢ ዓይኑን ያያል፦ የጠራና የወጣ ዓይን፣ ቀይ ስንጥብ፣ ጣት ሲጫነው የሚመለስ ሥጋ። የሆድ ዕቃውን ሐይቁ ዳር አትጣሉ፤ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። መንገድ ተዘግቶ ዓሣ ማውጣት ያልቻልንባቸው ሳምንታት ነበሩ። ያን ጊዜ ያዳነን ማድረቅ ነው። አምባዛውን ሰንጥቀን፣ ጨው አሽተን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አሰጣነው። ከጣና የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄድ እንደነበር ትልልቆቹ ያውቃሉ፤ ሙያው ለኛ አገር አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዓሣ ቤት ገቢ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። የኛ ጥሩ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን ውስጥ ዓሣ የሚፈልገው ሰው ይበዛል። በጾም ዓሣ የማይበሉ አሉ፣ የሚበሉም አሉ፤ ያ በየሰው ኅሊናና በንስሐ አባቱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ለኛ ግን ገንዘብ የሚገባበት ወቅት ነው። ቀድሞ ያ ገንዘብ ለፋሲካ በግና ልብስ ያልቅ ነበር። ክረምት ሲገባ ባዶ እጃችንን ነበርን፤ ባዶ እጅ ደግሞ ወደ ጉማራ አፍ ይወስዳል። አሁን ከጾሙ ገቢ ሩቡን ሳይነካ ባንክ አስገባለሁ። ስሙንም "የክረምት" ብለነዋል። ባለቤቴም እኔም ብቻችንን አናወጣውም።

የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር። አልደብቃችሁም። ጎረቤቶቻችን ከወንዙ አፍ ጀልባ ሞልተው ሲመለሱ እኛ ቤት ሽሮ ነበር የሚበላው። ባለቤቴ ሌሊት ይነቃል፤ ወጥቶ ሐይቁን አይቶ ይመለሳል። አንድ ቀን "እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል፣ ምን ዋጋ አለው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነቱን ነው። በዚያ ክረምት በሩዝ ማሳ ላይ በቀን ሥራ ሠራ፤ አረም አረመ። እኔ ዶሮ አረባሁ፣ እንጀራ ጋግሬ ሸጥኩ። ከወንዙ አፍ ርቆ በመንጠቆ ለቤት የሚሆን ብቻ ያመጣ ነበር። መረቡንም በሙሉ የጠገነው ያን ጊዜ ነው። መስከረም ሲጠባ ብዙ አልቀረንም ነበር፤ አዲስ ዕዳ ግን አልነበረም። ትልቁ ልጃችን ደብተሩ ተገዝቶለት ትምህርት ቤት ተመለሰ።

በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ጓደኞቹን ማነጋገር ጀመረ። "ሐይቁን እናድን" ብሎ አልጀመረም። "ለነጋዴ ስንት አለብህ? ጽፈኸዋል?" ብሎ ነው የጀመረው። እኔም ከሚስቶቻቸው ጋር ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ዕዳቸው የቀለለላቸው ሰዎች ናቸው በኋላ በማኅበር ተሰባስበው ክረምት ወንዝ አፍ ላይ ላለመጣል የተስማሙት። ከስንዝር ያነሰ ቆሮሶ በሕይወት ከተያዘ ይመለሳል፤ ስሱን መረብ ማንም አይገዛም። ሁሉም ሰው አልተስማማም። ከሌላ ቦታ እየመጡ የሚጥሉም አሉ። ማታ ማታ ከነሱ ጋር መጋጨት አደገኛ ነው፤ አትሞክሩት። በማኅበር ሆናችሁ ለወረዳው ግብርና አመልክቱ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ቁጥሩን ጠቅሶ የሚያመለክትን ሰው ዝም ብሎ መመለስ ይከብዳል።

አስጋሪው ብቻውን የማይፈታው ነገርም አለ። ነጭ ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠርና አሸዋ በመኪና እየተጫነ ለግንባታ ይሄዳል። በበጋ የመስኖ ሞተሩ ወንዙን እስከ ታች ይመጠዋል። ወንዙ ላይ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው የሚበትኑም አሉ፤ ያ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉንም ነው የሚፈጀው። ከብትም ሰውም ያን ውሃ ይጠጣል። ወንዝ ዳር የምትኖሩ ገበሬዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ክረምት ከናንተ መንደር የሚወጣው ዓሣ እኛ ዘንድ በጋ የሚበላው መሆኑን አስቡልን።

ስለ ልጆች ትንሽ ልበል። ልጅ የአባቱን ሙያ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። መረብ መጠገን፣ ነፋስ ማንበብ፣ ዓሣ መበለት ይማር። ግን ሌሊት ሐይቅ ላይ አይወጣም፤ ቀንም ቢሆን መዋኘት ሳይችል ታንኳ ላይ አይቀመጥም። ለትልቁም ቢሆን የሕይወት አድን ጃኬት ውድ ነው ብላችሁ አትተዉ። ጃኬት ካጣችሁ በደንብ የተከደኑ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች በገመድ አስራችሁ ያዙ። ሰማይ ሲጠቁርና መብረቅ ሲጀምር የተጣለ መረብ ይቅር። ጉማሬ ባለበት ቦታ በጨለማ ዳር ዳሩን አትሂዱ። ዓሣውንም ሁሉንም አትሽጡ። እኔ ልጆቼን አጥንትና ጭንቅላት እያበላሁ ሥጋውን ለሰው ስሸጥ ኖሬአለሁ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ጥሩው ዓሣ የኛ ነው፤ ይህም ደብተሩ ላይ እንደ ወጪ ይጻፋል።

አሁን በዕዳ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ነገ ወደ ነጋዴው አትሂዱ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት መዝግቡ፦ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ እሱ የከፈላችሁን፣ የዚያን ቀን የገበያ ዋጋ። መጻፍ የማይችል ካለ ልጁ ይጻፍለት። ያለፈውን በግምት አስሉ፤ ግምታችሁን ግን አታጋንኑ፣ አንድ ውሸት ከተገኘ ሌላው ሁሉ አይታመንም። ከዚያ ሽማግሌ ላኩ። አዲስ መረብ በዱቤ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ሳይጻፍ አትውሰዱ፦ የመረቡ ቁርጥ ዋጋ፣ በየወሩ የሚከፈለው፣ ዓሣችሁን ለፈለጋችሁት መሸጥ እንደምትችሉ። መረቡ በማዕበል ወይም በእምቦጭ ቢጠፋ ኪሳራው የማን እንደሆነም ይጻፍ፤ እኛን ሁለት ጊዜ የጎዳን እሱ ነው። ነጋዴው "ወረቀት ምን ያደርጋል፣ እንተማመናለን" ካላችሁ፣ በትሕትና አመስግናችሁ በመንጠቆ ቆዩ፤ ዕቁባችሁ እስኪደርስ ድረስ ቤት ያቆያል። ከተስማማ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን ሚስት ትያዘው።